መልሱ መጥቷል፣ ፕሮግራሙ ግን አላየውም

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል በኮምፒውተር ክፍል ነው የምሠራው። የክፍል ማስያዣዎቻችንን ወደ አንድ የጉዞ ወኪል የምናስተላልፈው በሶፕ አገልግሎት (ፕሮግራሞች ኤክስኤምኤል በሚባል በታግ በተከፋፈለ ጽሑፍ መልእክት በሚለዋወጡበት ደንብ) ነው። የሰጡኝን ደብሊውኤስዲኤል (የአገልግሎቱን ጥያቄና መልስ ቅርጽ የሚገልጽ ፋይል) ቪዥዋል ስቱዲዮ ውስጥ አስገብቼ የሲ ሻርፕ ክላየንት (አገልግሎቱን የሚጠራ ኮድ) አመነጨሁ። ጥሪው ያልፋል፣ ምንም ስህተት አይታይም፤ የሚመለሰው ኦብጀክት ግን ሁልጊዜ ነል (ባዶ) ነው። ያንኑ ጥያቄ በሶፕዩአይ (በሶፕ መሞከሪያ ፕሮግራም) ስልከው የማረጋገጫ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይመጣል። በዚያ ላይ የሞላሁት ቅድሚያ ክፍያ አልደረሰንም ይላሉ፤ የመግቢያ ቀኑም አንድ ቀን ወደ ኋላ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ እንደገና አመነጨሁት፣ ለውጥ የለም። ጥምቀት እየደረሰ ነው፤ ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ አራተኛ ጊዜ አታመንጪው። ከአንድ ወረቀት ሦስት ጊዜ የተቀዳ ነገር አራተኛ ጊዜ ቢቀዳም ያው ነው።

ከኮዱ በፊት ግን ተነሺና እንግዳ መቀበያው ጋ ሂጂ። ነል መጣ ማለት ክፍሉ አልተያዘም ማለት አይደለም። ጥያቄሽ ወኪሉ ዘንድ ደርሷል፣ ተመዝግቧል፣ መልሱም ተልኳል። መልሱ የጠፋው በመጨረሻው እርምጃ ላይ፣ አንቺው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። መቀበያ ላይ ያለው ልጅ የማረጋገጫ ቁጥር ሲያጣ ቁልፉን ደግሞ ይጫነዋል፤ በተጫነ ቁጥር ደግሞ አንድ ክፍል ይያዛል። ካያያዝሽልኝ ዝርዝር ውስጥ ለከተራ የሚገቡ አንድ እንግዳ ሦስት ክፍል ይዘው ይታያሉ፤ ዘመድ አዝማድ አስከትለው ካልመጡ በስተቀር ምክንያቱ ይኸው ነው። እስኪስተካከል ድረስ ቁጥሩን በስልክ ይጠይቁ፣ ቁልፉን አይድገሙት።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። የጻፍሽልኝ ችግር አንድ አይደለም፣ ሦስት ነው፤ ሦስቱም ዝምድና የላቸውም። ለሦስቱ አንድ መንስኤ ስትፈልጊ ነው ቀኑ የመሸብሽ። የሚያመሳስላቸው አንድም ድምፅ የሚያሰማ አለመኖሩ ብቻ ነው።

ብዙዎች ሶፕዩአይ ላይ ከሠራ ጥፋቱ የእኔ ኮድ ነው ብለው ይደመድማሉ። ሶፕዩአይ ግን የመጣውን ጽሑፍ እንደ መጣ ያሳይሻል እንጂ ወደ ኦብጀክት አይቀይረውም። ደብዳቤውን ከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፤ የምታነቢው አንቺ ነሽ፣ የሰው ዓይን ደግሞ ትንሽ ግድፈት አይቶ ያልፋል። የተመነጨው ክላየንት እንዲህ አያደርግም። በደብሊውኤስዲኤሉ ላይ የተጻፈለትን ስም ይዞ ፊደል በፊደል ያመሳክራል። ያልገጠመውን ይዘለዋል፣ እንደ ዘለለውም አይነግርሽም። ክላየንት አመንጪው ሰርቨሩን አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱና ሰርቨሩ ሲለያዩ እሱ ሁልጊዜ ከወረቀቱ ጋር ይቆማል።

ስለዚህ የላክሽውን ደብሊውኤስዲኤልና ከሶፕዩአይ የቀዳሽውን መልስ ጎን ለጎን ከፈትኋቸው። እንዲቀል ስሞቹን በአማርኛ ለውጬ ላሳይሽ። (በሥራሽ ላይ ግን ታጎችን በአማርኛ አትሰይሚ። የኤክስኤምኤል 1.0 ደንብ የግዕዝ ፊደልን ለኤለመንት (በታግ ለሚከበብ የጽሑፍ ክፍል) ስም የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው አምስተኛ እትም ነው፤ በቀደመው ደንብ የተሠሩ አንባቢዎች አይቀበሉትም።) ደብሊውኤስዲኤሉ መልሱ እንዲህ ይመጣል ይላል፦

<ክፍልያዝመልስ ክልል="ወኪል/ማስያዣ">

ሰርቨሩ የላከው ግን ይህንን ነው፦

<ክፍልያዝመልስ ክልል="ወኪል/ማስያዣ/">

አየሻት? መጨረሻ ላይ ያለችው እዝባር (/) ናት። ኔምስፔስ፣ ማለትም የስም ክልል፣ የድር አድራሻ ስለሚመስል ሰው እንደ አድራሻ ያየዋል፤ በአሳሽ ውስጥ ደግሞ መጨረሻ ላይ እዝባር ኖረ አልኖረ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ ገጽ ያደርስሻል። ለኤክስኤምኤል ግን ኔምስፔስ አድራሻ አይደለም፣ ስም ነው። መታወቂያው ላይ «ኃይለ ማርያም» ተብሎ፣ የባንክ ደብተሩ ላይ «ሃይለማሪያም» ተብሎ የተጻፈበት ሰው መስኮት ላይ የሚገጥመውን ታውቂያለሽ። ገንዘብ ከፋዩዋ ሰውየውን በመልክ ታውቀው ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ አያውቀውም።

ይህ እዝባር ከየት እንደ መጣ መገመት አይከብድም። የወኪሉ ሰዎች መልሱን የሚሠሩት በመሣሪያ ሳይሆን ጽሑፍ በመቀጣጠል ነው፤ አንድ ሰው ያቺን መስመር በእጁ ጽፎ እዝባሯን ጨምሯል። ሶፕዩአይ ላይ ፈተነ፣ መልሱን አየ፣ ወደ ቤቱ ሄደ።

ዝምታው ለምን መጣ ካልሽ፣ የተመነጨ ኮድሽ መልሱን የሚያነበው ኤክስኤምኤል ሲሪያላይዘር በሚባለው የዶትኔት (ሲ ሻርፕ የሚሠራበት መድረክ) አንባቢ ነው። ይህ አንባቢ የማያውቀውን ኤለመንት እንደሌለ ቆጥሮ ያልፋል። በጃቫ ቢሆን ኖሮ «ያልተጠበቀ መጠቅለያ ኤለመንት አገኘሁ፣ የጠበቅሁት ይህን ነበር» ብሎ ሁለቱንም ስም ፊት ለፊትሽ ይደረድርልሽ ነበር። የጃቫን ጩኸት የሚጠላ ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ጯኺውን እመርጣለሁ።

እዚህ ላይ ለወደፊቱ የሚጠቅምሽን አንድ መለያ ያዢ። ሙሉው ኦብጀክት ነል ከሆነ እንደ አሁኑ የውጭው መጠቅለያ ስም አልገጠመም ማለት ነው። ኦብጀክቱ መጥቶ ውስጡ ያለ አንድ ፊልድ (የመረጃ ቦታ) ብቻ ባዶ ከሆነ ግን የውስጡን ኤለመንት ፈትሺ፤ በዚያን ጊዜ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው የውስጥ ኤለመንቶች ኔምስፔስ ይኑራቸው አይኑራቸው የሚለው የስኪማው (በደብሊውኤስዲኤሉ ውስጥ ኤለመንቶቹን የሚዘረዝረው ክፍል) ቅንብር ነው። ካልተጻፈ «የላቸውም» ማለት ነው፤ ሰርቨሩ ግን እንዳላቸው አድርጎ ሊልክ ይችላል። ሁለተኛው ቅደም ተከተል ነው። ስኪማው በተርታ ይምጡ ካለ፣ የተመነጨው ኮድ በእያንዳንዱ ፊልድ ላይ ተራ ቁጥር ይለጥፋል፤ ሰርቨሩ ዋጋን ከቀን በፊት አስቀድሞ ከላከ ተራውን የሳተው ኤለመንት ይዘለላል። በዓይን ስታዪው ሁሉም አለ። ተራው ነው የተዛባው።

መፍትሔው? ትክክለኛው ወኪሉ ሰርቨሩን ወይም ደብሊውኤስዲኤሉን ማረሙ ነው። ጥምቀት ግን አይጠብቃቸውም፤ ስለዚህ በእጅሽ ያለውን አድርጊ። ደብሊውኤስዲኤሉን አውርደሽ ከፕሮጀክትሽ ጋር በዲስክ ላይ አስቀምጪ፣ እሱን አርሚ፣ ክላየንቱንም ከእሱ አመንጪ። አገልግሎት የምታገናኚበት መስኮት ከድር አድራሻ ሌላ ፋይልም ይቀበላል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን እርማቱ ላይ ነው፦ ከላይ ያለውን የዒላማ ኔምስፔስ (ስኪማው የሚያውጃቸው ስሞች የሚገቡበትን ክልል) በጅምላ ቀይረሽ እዝባር ብትጨምሪበት የምትልኪው ጥያቄም አብሮ ይቀየራል። ሰርቨሩ ጥያቄውን የሚቀበለው ያለ እዝባር ነው፤ ያኔ መልሱን አገኛለሁ ስትዪ ጥያቄውን ታበላሺዋለሽ። ስለዚህ ለመልሱ ብቻ ሁለተኛ ስኪማ ክፈቺ፣ ዒላማውን ባለ እዝባር አድርጊው፣ የመልሱን ኤለመንት ወደዚያ አዛውሪና የመልሱ መልእክት እሱን እንዲጠቅስ አድርጊ። የሶፕ አክሽኑን (የትኛው ተግባር እንደ ተጠራ ለሰርቨሩ የሚናገረውን ምልክት) አትንኪው።

የተመነጨውን የሲ ሻርፕ ፋይል በእጅ ማረምም ይቻላል፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ፋይሉ ግን አናቱ ላይ «እንደገና ከተመነጨ ለውጡ ይጠፋል» ብሎ አስቀድሞ ነግሮሻል። ከስድስት ወር በኋላ አንቺ እረፍት ላይ ሳለሽ የሥራ ባልደረባሽ አዲስ ፊልድ ለመጨመር ያመነጨዋል፤ ነሉ ይመለሳል፣ ለምን እንደ ተመለሰም የሚያስታውስ አይኖርም። የታረመው ደብሊውኤስዲኤል ግን ለውጡን በራሱ ላይ ይዞ ይቆያል። ምክንያቱን በአንድ መስመር አስተያየት እዚያው ጻፊበት።

ሁለተኛው፣ ቅድሚያ ክፍያው። ይህኛው በጣም ያናድዳል፣ ምክንያቱም ኮዱን ያየ ሰው ሁሉ ትክክል ነው ይላል። 1500 ብር ሞልተሻል፣ ኮዱ ላይ ይታያል፣ እያሠራሽ ስትፈትሺውም ኦብጀክቱ ውስጥ 1500 አለ። በመስመሩ ላይ ያለፈውን ስታዪ ግን ዜሮ እንኳን የለም፤ ኤለመንቱ ራሱ አልተላከም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወኪሉ ቅድሚያ ክፍያን «ቢኖር ባይኖርም ይሆናል» ብሎ በስኪማው አስቀምጦታል። በሲ ሻርፕ የአሥርዮሽ ቁጥር ነል መሆን አይችልም፤ ካልተሞላ ዜሮ ነው። ታዲያ ክላየንቱ «ዜሮ ብር ከፍለዋል» እና «ስለ ክፍያ ምንም አልተባለም» የሚሉትን በምን ይለያቸው? አመንጪው መላ ዘይዷል፦ ከእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ፊልድ አጠገብ «ስፔሲፋይድ» በሚል ቃል የሚያልቅ፣ እውነት ወይም ሐሰት የሚይዝ ሌላ ፊልድ ያስቀምጣል። እሱን እውነት ካላደረግሽው ዋናው ፊልድ ምንም ቢሞላ አይላክም። መነሻው ሐሰት ነው። ክላስሽን ክፈቺ፤ ከቅድሚያ ክፍያው ሥር ታገኚዋለሽ። እውነት አድርጊውና ብሩ ይሄዳል።

አንዱን ስታገኚ ሌሎቹንም ፈልጊ። የልጆች ብዛት፣ የአልጋ ዓይነት ቁጥር፣ የመውጫ ቀን፦ ቁጥር፣ ቀን ወይም አዎ እና አይ የሚይዝ አማራጭ ፊልድ ሁሉ ይህ ጥላ አለው። የጽሑፍ ፊልዶች የላቸውም፣ ጽሑፍ ነል መሆን ይችላልና። የእንግዳው ስም ደርሶ ገንዘቡ የቀረበት ምክንያት ይኸው ነው። እኔ ብሆን ከዋናው ፋይል ውጪ በከፊል ክላስ (የአንድ ክላስ ኮድ በሌላ ፋይል የሚቀጥልበት መንገድ) አንድ አጭር ሜተድ ጽፌ ሁለቱን አብሬ እሞላቸው ነበር፤ መቀበያው የሚጠራው ኮድ ስለ ስፔሲፋይድ ማወቅ የለበትም።

ሦስተኛው ቀኑ ነው። ጥር 10 የሚገባው እንግዳ ጥር 9 ተብሎ ይመዘገባል ብለሻል። የላክሽው የጃንዋሪ 18 እኩለ ሌሊት ነው፤ ኮዱ «የአካባቢ ሰዓት» ብሎ ስለ ያዘው ኋላው ላይ +03:00 ለጥፎ ይልከዋል። በእኛ እኩለ ሌሊት ሲሆን በግሪንዊች ገና የዋዜማው ምሽት ሦስት ሰዓት ነው። የወኪሉ ሰርቨር ወደዚያ ሰዓት ይቀይርና ሰዓቱን ቆርጦ ይጥላል፤ የሚቀረው 17 ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተጻፈ ፕሮግራም ከውጭ ሰርቨር ጋር ሲነጋገር ይህ እንደ ጉንፋን የተለመደ ነው።

መልካሙ መንገድ ስኪማው ቀንን «ቀን» ብሎ፣ ያለ ሰዓት ማወጁ ነው፤ ያን ጊዜ ሰዓት የሚባል ነገር አይላክም፣ የሚቆረጥም የለም። እነሱ ይህን እስኪቀይሩ የቀኑን ዓይነት «ያልተወሰነ» አድርገሽ ላኪው፤ ያኔ +03:00 አይለጠፍም። ሰርቨሩ ያለ ሰዓት ቀጠና የመጣን ቀን እንዴት እንደሚረዳው ግን አንድ ጊዜ በሙከራ አረጋግጪ።

ቀን ከተነሣ አይቀር፣ በራሴ የደረሰ ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት የተገልጋዮችን የትውልድ ቀን በሶፕ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ቅጹ የተሞላው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እኔም ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን ሳልቀይር በሰረዝ አያይዤ እልክ ነበር። ለወራት ሠራ። ከዚያ ጳጉሜን የተወለዱ ሰዎች አንመዘገብም አሉ። ይህ ወዲያው ገባኝ፤ 13ኛ ወር በኤክስኤምኤል ስኪማ የለም። ቀጥሎ ጥቅምት 30 የተወለዱ አንዲት እናት መጡ፤ እሳቸው ሁለት ቀን አንከራተቱኝ። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ናት፤ ተቀባዩ ሁለተኛ ወር ሲያይ የሚያነበው ፌብሩዋሪን ነው፣ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም። ሳጣራው እንደ ልብ የተመዘገቡት ሁሉ ሰባት ስምንት ዓመት ያለ ዕድሜያቸው አርጅተዋል። ስህተቱን ያጋለጡልኝ የተከለከሉት ናቸው። አንቺም የመግቢያ ቀኑን ከየት እንደምትወስጂ ተመልከቺ፤ መቀበያው በኢትዮጵያ ቀን የሚሞላ ከሆነ ልወጣው ከመላኩ በፊት፣ በአንድ ቦታ ብቻ ይሁን።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በመስመሩ ላይ የሚያልፈውን ጽሑፍ በማየት ነው፤ አንቺም ኮዱን ከማንበብሽ በፊት እሱን ማየት ልመጂ። ፊድለር የሚባለው መሣሪያ በመካከል ቆሞ ያሳይሻል። የተመሰጠረ ግንኙነት ለመክፈት የራሱን የምስክር ወረቀት ስለሚጭን ግን በሙከራ ማሽን ላይ ብቻ ተጠቀሚበት፣ መቀበያው ኮምፒውተር ላይ አይሁን። ከዚያ ሌላ በክላየንቱ ላይ የሚሰካ የመልእክት መርማሪ መጻፍ ይቻላል፤ ረጅም ኮድ አይደለም፣ የሄደውንና የመጣውን ወደ ፋይል ይጽፍልሻል። እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ፤ መብራት ሄዶ መጥቶ ሁሉም ነገር ሲደባለቅ ማን ምን እንደ ላከ የሚመሰክር ፋይል ይኖርሻል።

ወደፊት ሊገጥሙሽ የሚችሉትን ደግሞ በሩጫ ላንሣ። ሰርቨሩ 415 (ይህን የይዘት ዓይነት አልቀበልም) ብሎ ከመለሰ የሶፕ ቅጂ አልተጣጣመም፦ 1.1 (እ.ኤ.አ. የ2000 ሰነድ ነው) እና 1.2 (እ.ኤ.አ. የ2003) ይዘታቸውን በተለያየ የዓይነት ስም ያውጃሉ፤ ደብሊውኤስዲኤሉ ሁለቱንም ከሰጠሽ 1.1ን ያዢ፣ አያጣላሽም። ክላየንቱ ወደማይታወቅ ወይም ወደ ውስጥ አድራሻ ከሄደ ደብሊውኤስዲኤሉ ላይ የተጻፈው አድራሻ የሰርቨሩ የጓዳ ስም ነው፤ አድራሻውን በቅንብር ፋይል ስጪው። የአንድ ወር ዝርዝር ስትጠይቂ መልሱ በዛ ብሎ ከተቋረጠ፣ የክላየንቱ መነሻ ጣሪያ 65,536 ባይት ነው። በዩቲኤፍ 8 (ፊደላት ወደ ባይት በሚቀየሩበት ደንብ) አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ ከ22 ሺህ ያነሰ የአማርኛ ፊደል ይሞላዋል፤ ከፍ አድርጊው። የላኪው የጊዜ ገደብ አንድ ደቂቃ ነው፤ የኢንተርኔት መስመሩ በዝናብ ሲዳከም እሱም ያልቅና መቀበያው እንደገና ይጫናል። ስለዚህ ስኪማው የሆቴሉን የራሱን መለያ ቁጥር የሚቀበል ፊልድ ካለው ሙይው፤ ወኪሉም የተደገመ ቁጥር ሲያይ አዲስ ክፍል እንዳይዝ ጠይቂያቸው።

ለወኪሉ ባለሙያ ስትጽፊ «አገልግሎታችሁ አይሠራም» አትበዪ፤ በሶፕዩአይ ይሠራል ይሉሻል፣ እውነታቸውንም ነው። እንዲህ ጻፊ፦ «በደብሊውኤስዲኤሉ ላይ የክፍል መያዣ መልስ ኔምስፔስ ያለ እዝባር ነው፤ ሰርቨራችሁ የሚልከው በእዝባር ነው። ሁለቱን አያይዤአለሁ። የትኛው ትክክል እንደ ሆነ ብትነግሩን እንደዚያው እናስተካክላለን። የመግቢያ ቀን ዓይነትም ሰዓት ከሌለው ቀን ጋር ቢተካ የአንድ ቀን መዛባቱ ይቀራል።» ሁለቱን መስመሮች አንዱን ከሌላው በታች አድርገሽ ለጥፊላቸው። ከዚያ በኋላ የሚያከራክር ነገር አይኖርም።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ያያያዝሽው የጥያቄ ፋይል ራስጌ ላይ የሆቴሉ መለያ ስምና የይለፍ ቃል በግልጽ ተጽፏል፤ ከታች ደግሞ የአራት እንግዶች የፓስፖርት ቁጥር አለ። እኔ ዘንድ ያለውን አጥፍቼዋለሁ። የይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ አስቀይሪ፣ ሌላ ፋይል ስትልኪ ደግሞ እነዚያን በኮከብ ሸፍነሽ ላኪ፤ እኔ የሚያስፈልገኝ ታጎቹ ናቸው።